ዘመናዊ ተውኔት ሲተነተን መድረኩ የት ይግባ?

ንባብ_ወዳድ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ስለ ዘመናዊ ተውኔት የትንተና ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ዋናው ሥራ የሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» ነው፤ ሦስተኛው ገቢር ላይ አተኩራለሁ። ለማነጻጸሪያ ከቼኾቭና ከብሬክት ትንሽ ትንሽ ልጨምር አስቤአለሁ። መመሪያው «ተውኔቱን በመድረክ አቀራረቡና በድራማ ቴክኒኩ በኩል ተርጉሙ» ይላል።

የተቸገርኩት እዚህ ጋ ነው። የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ «የሴት ነጻነት»፣ «የትዳር ማስመሰል» እያለ ጭብጥ ላይ ይወድቃል። ልብ ወለድ ብተነትንም ያንኑ ነበር የምጽፈው። ዝግጅቱን በዓይኔ ሳላይ ከመጽሐፉ ብቻ ተነሥቼ ስለ መድረክ መጻፍ እችላለሁ ወይ? በቅንፍ የተቀመጡት የመድረክ መግለጫዎችስ ከቃለ ተውኔቱ እኩል ክብደት አላቸው ወይስ አዘጋጁ እንደፈለገ የሚያደርጋቸው ናቸው? ደግሞ ውስጠ ወይራ፣ ምጸት፣ ትእምርት፣ ፋታ እያልኩ ቴክኒኮቹን ስደረድራቸው የሸቀጥ ዝርዝር ይመስሉብኛል። ምን ይሻላል?

ከመጋረጃ_ጀርባ

ይቻላል፤ ግን አነባበብዎን መቀየር አለብዎት። ተውኔት ሲነበብ ዓይን የሚከተለው የሚናገረውን ሰው ብቻ ነው። መድረክ ላይ የማይናገረውም ሰው ይታያል፣ ዕቃውም ይታያል፣ የተከፈተው በርም ይታያል። ስለዚህ ገቢሩን በሙሉ ልሥራው አይበሉ። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይምረጡ፤ መድረክ ላይ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይሆናል። ወረቀት ለአራት ይክፈሉና በእያንዳንዱ ንግግር ትይዩ ማን የት እንዳለ፣ እጁ ምን እንደያዘ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይሙሉ። ጽሑፉ መልስ ያልሰጠበት ክፍት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ። አዘጋጅ የግድ የሚወስነው እዚያ ላይ ነው፤ የእርስዎም ትንተና የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከሦስተኛው ገቢር አንድ ቦታ እንይ። ባልየው ሄልመር የሚስቱን የኖራን ድብቅ ዕዳ የሚያጋልጠውን የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንብቦ ካዋረዳት በኋላ ሁለተኛው ደብዳቤ ይመጣል፤ የዕዳ ሰነዱም አብሮ ተመልሷል። መዳኑን ያውጃል። እሷ «እኔስ?» ትላለች። አብዛኛው ትንተና እዚህ ላይ «ሄልመር ራስ ወዳድ ነው» ብሎ ያልፋል። ቁም ነገሩ ያለው ግን ቀጥሎ ነው። ኖራ ወደ ጎን ክፍል ትገባለች፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲጠይቃት የጭፈራ ልብሷን ልታወልቅ መሆኑን ትነግረዋለች። እሱ በተከፈተው በር ዙሪያ እየተንጎራደደ ይቅር እንዳላትና እንደሚጠብቃት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ሲነበብ መነባንብ ነው። ሲቀርብ ተመልካቹ የሚያየው ማንም የማይታይበትን በር እያነጋገረ ራሱን የሚያደንቅ ሰው ነው።

ያ ንግግር ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ፍጹም ተግባራዊ ነው፤ ተዋናይቷ ልብስ የምትቀይርበትን ጊዜ ይሸፍናል። በመካከለኛ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ የጭፈራው (የታራንቴላው) ልብስ ወልቆ የዘወትር ቀሚስ ይለበሳል፣ ፀጉርም ይስተካከላል። ለዚህ ሲባል የጭፈራው ልብስ ጀርባው ላይ በመንጠቆ ፈንታ በዚፕ ወይም በቬልክሮ (ተጣባቂ ማያያዣ) ይሠራል፤ የሚያለብስ ሰውም ከበሩ ጀርባ ቀድሞ ይቆማል። ቬልክሮ ሲቀደድ ይጮኻልና የሄልመር ድምፅ ከፍ ያለበት ዐረፍተ ነገር ላይ እንዲላቀቅ ቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጫማና ጌጥ ላይ ነው። ቀሚሱ ተቀይሮ የጭፈራው ጫማ እግሯ ላይ ከቀረ፣ የፊት ረድፍ ተመልካች ግማሿ ገና እዚያው ጭፈራው ውስጥ እንዳለ ነው የሚረዳው።

ሁለተኛው ሥራ ትርጉሙ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ የምትመለሰው እሱ ሲያናግራት የነበረችው ሴት አይደለችም። እሱ ልትተኛ ነው ብሎ አስቧል፤ እሷ ግን ለመውጣት ለብሳለች። ይህን ማንም አልተናገረውም፣ ቀሚሱ ነው የተናገረው። ስለዚህ «ኖራ ከአሻንጉሊትነት ወጣች» የሚለውን ጭብጥ መተው የለብዎትም፤ ተመልካቹ ያንን የሚያውቅበትን ቅጽበት፣ በየትኛው ዕቃና በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ መጻፍ ነው የሚጠበቅብዎት።

ቀጥሎ እንዲቀመጥ ታዘዋለች። ጠረጴዛው ከገቢሩ መክፈቻ ጀምሮ ወደ ክፍሉ መሃል ተስቦ፣ ወንበር ተደርድሮለት፣ መብራት በርቶበት ቆይቷል፤ ለዚህ ንግግር ነው የተዘጋጀው። በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው በሙሉ ካለ የምናየው ክስ የሚሰማበት ችሎት ነው። አዘጋጁ አንድ ጥግ ላይ ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው እርቅ ይመጣል የሚል ተስፋ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ጽሑፉ ለመጀመሪያው ያደላል።

ትንሽ_ተቃውሞ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የመድረክ መግለጫ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የታሪኩ ሂደት የተመሠረተበት መግለጫ አለ። የደብዳቤ ሣጥኑ መቆለፉና ቁልፉ ሄልመር እጅ መሆኑ ከወጣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ገቢር ይፈርሳሉ። ይህን የሚነካ አዘጋጅ ሌላ ተውኔት እየጻፈ ነው።

ለዓይን የተቀመጠ መግለጫ ደግሞ አለ። በመጀመሪያው ገቢር የገና ዛፉ ገና ሳይሸለም ተደብቆ ይገባል፤ በሁለተኛው ገቢር መክፈቻ ጌጡ ተገፎ፣ ሻማዎቹ ነድደው አልቀው ፒያኖው አጠገብ ጥግ ላይ ቆሟል። ማንም ስለዛፉ አያወራም። አዘጋጁ ዛፉን በሌላ ነገር ሊተካ ይችላል፤ ግን የተካበት ነገር ያንኑ ሥራ መሥራት አለበት፣ ማለትም በዓሉ በአንድ ሌሊት ማርጀቱን ያለ ቃል ማሳየት አለበት።

«በቁጣ»፣ «ፈገግ ብላ»፣ «እያመነታ» የሚሉት ክብደታቸው ከሁሉም ይቀላል። ብዙ ተዋንያን በመጀመሪያው የጠረጴዛ ንባብ ላይ እነዚህን በእርሳስ ይሰርዟቸዋል፤ ውጤቱን ቀድመው ስለሚነግሯቸው። እርስዎም «ፈገግ ብላ ስለሚል ደስተኛ ናት» ብለው ማስረጃ አያድርጉት።

ጸሐፊው ራሱ የጻፈውም የማይነካ አይደለም። «የአሻንጉሊት ቤት» መጀመሪያ የታየው ታኅሣሥ 21 ቀን 1879 (እ.ኤ.አ.) ኮፐንሃገን ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ውስጥ ኖራን የምትጫወተው ተዋናይት ልጆቿን ትታ የምትሄድ እናት አልጫወትም በማለቷ ኢብሰን ራሱ ሌላ መጨረሻ ጻፈ። ሄልመር ወደ ልጆቹ ክፍል በር ይወስዳታል፣ እሷም እዚያው ትወድቃለችና ትቀራለች። ሌላ ሰው ከሚያበላሸው ብሎ እንጂ ወዶ አልነበረም፤ ለውጡን አጥብቆ ነው የተቸው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሁለቱን መጨረሻዎች ጎን ለጎን ማንበብ ነው። ቀደም ያለው የተውኔቱ ቃል ሳይነካ የመጨረሻው አንድ ገጽ ሲቀየር የሦስቱ ገቢር ፍቺ ይገለበጣል።

ፍጥነት ብቻውንም ይህን ያደርጋል። የቼኾቭ «የቼሪ አጸድ» በ1904 በሞስኮ አርት ቴአትር ሲቀርብ ደራሲው ኮሜዲ ነው ይል ነበር፤ አዘጋጁ ስታኒስላቭስኪ ግን እንደ ትራጀዲ ያዘው። ቼኾቭ ቢበዛ 12 ደቂቃ መውሰድ የነበረበት የመጨረሻው ገቢር 40 ደቂቃ ተጎተተ ብሎ በደብዳቤ አማርሯል። አንድም ቃል ሳይቀየር ማለት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ጮክ ብለው አንብበው በሰዓት ይለኩት።

የድምፅና_የመብራት_ጠረጴዛ

ስለ በሩ ማንም አላነሳም፤ እኔ ልግባበት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኖራ በሩን በሄልመር ፊት ላይ ጠርቅማ እንደወጣች አድርጎ ነው። ጽሑፉ እንደዚያ አይልም። እሷ በመተላለፊያው ከወጣች በኋላ ሄልመር በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይወድቃል፣ ፊቱን ይሸፍናል፣ ስሟን ይጠራል። ተነሥቶ ዙሪያውን ያያል፤ ማንም የለም። ከዚያ አንዲት ተስፋ ብልጭ ትልበታለች። የውጭው በር ሲዘጋ ከታች የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ድምፁ የኖራ ቁጣ ሳይሆን ለሄልመር ተስፋ የተሰጠ መልስ ነው። ይህችን አንዲት ነጥብ ብቻ በደንብ ብትጽፋት ገጽ ትሞላለች።

በተግባር የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ድምፁ ከአዳራሹ የፊት ማጉያዎች ከተለቀቀ ከተመልካቹ ራስ በላይ ይመጣል፤ «ከታች» የሚለው ጠፋ ማለት ነው። ማጉያው ከመድረኩ ግንባታ ጀርባ፣ ኖራ በወጣችበት በኩል፣ መሬት ላይ መቀመጥ አለበት። ከተቻለ ቅጂውን ትቶ በጠንካራ ክፈፍ ላይ የታሰረ እውነተኛ የእንጨት በር ከጀርባ መዝጋት ይሻላል፤ ወለሉ አብሮ ስለሚነዝር። ሌላው ሰዓት ነው። ሴትዮዋ ደረጃ መውረድ አለባት። ሄልመር ተጣድፎ በአምስት ሰከንድ ከጨረሰው በመስኮት የዘለለች ይመስላል፣ ሰውም ይስቃል። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃል። ከግማሽ ደቂቃ ካለፈ ደግሞ አለቀ ብሎ የሚያጨበጭብ አይጠፋም። ሦስተኛው የመብራት ሰው ቸኩሎ ከድምፁ በፊት ማደብዘዝ ሲጀምር ነው፤ ያኔ በሩ ዜና መሆኑ ይቀራል።

ከድምፁ በኋላ ያለው መብራት ራሱ ትርጓሜ ነው። በቅጽበት ቢጠፋ ተውኔቱ ከኖራ ጋር ወጣ ማለት ነው። ሄልመር ላይ አምስት ሰከንድ ቆይቶ ቢጠፋ ጥያቄው ለእሱ ተተወ። በ20 ሰከንድ ቀስ ብሎ ቢደበዝዝ ሐዘኔታው ወደ እሱ ያደላል፤ በግሌ ይህኛው አይጥመኝም፣ የበሩን ድምፅ ያለሰልሰዋል።

የመብራትን ታሪካዊ ክብደት ለማየት ከፈለጉ የስትሪንድበርግን «ሚስ ጁሊ» (1888) መቅድም ያንብቡ። ከመድረኩ ጫፍ ከታች ወደ ላይ የሚያበራው መብራት የፊትን ረቂቅ መስመር ያጠፋል ብሎ የጎን መብራት ይጠይቃል። ሸራ ላይ ድስትና መደርደሪያ መሳልም ይብቃ ይላል። ትንሽ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ጥቃቅን የፊት ለውጥ ካልታየ በውስጠ ወይራ የተሞላ ንግግር ለመድረክ መጻፍ ዋጋ የለውም።

ንባብ_ወዳድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የበሩ ነገር እኔም እንደ ብዙኃኑ ነበር የማስታውሰው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኢብሰን ላይ ዕቃም ድምፅም አለ። ቼኾቭ ላይ ግን ሰዎቹ ስለማይረባ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ምኑን ልያዘው? ብሬክትስ ከዚህ ሁሉ ጋር እንዴት ይነጻጸራል?

ልምምድ_ቤት

ከ«የቼሪ አጸድ» አራተኛ ገቢር የሎፓኺንና የቫርያን ትዕይንት ይውሰዱ። ሁሉም ሰው ሎፓኺን ቫርያን ሊያገባት ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ሆን ብለው ሁለቱን ብቻ ትተዋቸው ወጥተዋል። ቫርያ ገብታ ሻንጣና ጓዝ ትበረብራለች፤ የሆነ ነገር ጠፍቶባታል። እሱ ምን እንደምትፈልግ ይጠይቃታል። ራሷ እንዳሸገችው፣ ግን እንደማታስታውስ ትመልሳለች። ወሬው ወዴት እንደምትሄድ፣ ከዚያ ስለ አየሩ ይሆናል። ሎፓኺን ሦስት ዲግሪ ብርድ እንዳለ ይናገራል። እሷ አለማየቷን ትነግረውና የቤቱ ቴርሞሜትርም መሰበሩን ትጨምራለች። ፋታ። ከውጭ ሰው ይጠራዋል፤ ጥሪውን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሲጠብቅ እንደነበር ሁሉ «መጣሁ!» ብሎ ፈጥኖ ይወጣል። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ራሷን የልብስ ጥቅል ላይ ጥላ ታለቅሳለች።

ይህን ከአንድ ጓደኛ ጋር ሦስት ጊዜ ያንብቡት። መጀመሪያ ያለ ምንም ስሜት፣ ቃሉን ብቻ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ንግግር በፊት ያልተባለውን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ እሱ «አሁን ልጠይቃት ነው» ይላል፣ እሷ «ይኸው ቦታ ሰጥቼሃለሁ» ትላለች፤ ከዚያ የተጻፈውን። ሦስተኛው ጊዜ ያለ ቃል፣ በሻንጣውና በእግር እንቅስቃሴ ብቻ። በሦስተኛው ጊዜ ቫርያ ጓዙን የምትበረብረው ዕቃ ስለጠፋባት ሳይሆን እጇ ሥራ እንዲኖረው መሆኑ ይገለጣል። ውስጠ ወይራ የሚባለው ይኸው ነው፤ ቃሉ ስለ አየር ያወራል፣ እጁ ስለ ጋብቻ።

ፋታዎቹን በእኩል ርዝመት መያዝ የተለመደ ስሕተት ነው። ሁሉም አራት ሰከንድ ከሆኑ ትዕይንቱ ዝግ ያለ እንጂ የተወጠረ አይሆንም። መለወጥ ያለበት በፋታው ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ነው። በመጀመሪያው ፋታ ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻው እሷ ብቻ ናት፣ እሱ የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ነው። እባክዎ «የተሰበረው ቴርሞሜትር የተሰበረ ፍቅር ትእምርት ነው» ብለው አይጻፉ። ጉልበቱ ያለው ምንም ባለመሆኑ ላይ ነው፤ ለሕይወት የሚያህል ጥያቄ በተጠበቀበት ቦታ ስለ ቴርሞሜትር ተወራ።

ብሬክት መንገዱን ይገለብጠዋል፤ ተዋናዩ ምርጫውን እንዲደብቅ ሳይሆን እንዲያሳይ ይፈልጋል። ለልምምድ ያቀረባቸው ሦስት ዘዴዎች ቤት ውስጥም ይሠራሉ፦ ንግግሩን በሦስተኛ መደብ ማለት፣ በኃላፊ ጊዜ ማለት፣ የመድረክ መግለጫውን አብሮ ጮክ ብሎ ማንበብ። «አልከፍልም» የሚለው «ተነሣችና አልከፍልም አለች» ይሆናል። ወዲያው በተዋናይዋና በገጸ ባሕርይዋ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ «መክፈልም ትችል ነበር» የሚል ሐሳብ ይገባል። ዝግጅቱ ሲቀርብ ሦስቱም ይቀራሉ፣ ክፍተቱ ግን ይቆያል።

«እማማ ከሬጅ» መጀመሪያ በ1941 ዙሪክ ሲታይ ተመልካቹ በጦርነት መሃል ለምትነግደው እናት አዘነ፤ ብሬክት ነጋዴነቷ ጎልቶ እንዲወጣ አንዳንድ ቦታ አሻሻለ። በ1949 በርሊን ላይ ሄሌነ ቫይገል ስትጫወታት በመጨረሻው ትዕይንት ሴት ልጇን ለሚቀብሩላት ገበሬዎች የምትከፍልበት ቅጽበት አለ። ከቆዳ ቦርሳዋ ሳንቲሞች ታወጣለች፣ አንዷን መልሳ ትከታለች፣ የቀረውን ትሰጣለች። ሁሉንም ብትሰጥ ኖሮ የምናየው ሐዘን ብቻ ነበር። አንዷ ስትመለስ ሐዘኑም ንግዱም አንድ እጅ ላይ ሆኑ። ይህ ቀዝቃዛ ትወና አይደለም፤ ቫይገል በዚያው ዝግጅት የወንድ ልጇን መረሸን የሚያበስረውን ተኩስ ስትሰማ አፏን ከፍታ ያለ ድምፅ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። «ብሬክት ስሜትን ይከለክላል» የሚለውን ከጽሑፍዎ ያውጡት።

ከመጋረጃ_ጀርባ

የሸቀጥ ዝርዝሩን ጉዳይ ልመልስ። የቴክኒኩን ስም አንቀጹ መጀመሪያ ላይ ካስቀመጡት ዝርዝር ይሆናል። መጀመሪያ የሚታየውን ወይም የሚሰማውን ይጻፉ፤ ከዚያ በሌላ መንገድ ቢደረግ ምን ይሆን እንደነበር፤ ከዚያ ተመልካቹ በዚያች ቅጽበት የሚያውቀውንና ገጸ ባሕርዩ የማያውቀውን። ስሙ በመጨረሻ፣ ካስፈለገ። ለምሳሌ፦

«ኖራ በመጀመሪያው ገቢር ከኪሷ ማካሩን የተባለ ብስኩት አውጥታ ትበላለች፣ ወደ ባሏ በር ሄዳ ታዳምጣለች፣ አፏን ትጠርጋለች። ከዚህ ሁሉ በፊት ሄልመርን አላየነውም። ብስኩቱን በግልጽ ብትበላ ኖሮ ጣፋጭ የምትወድ ሴት ብቻ ትሆን ነበር፤ ተደብቃ መብላቷና ጆሮዋን በሩ ላይ መጣሏ የቤቱን ሕግ ሕግ አውጪው ሳይገባ ያሳየናል። ኋላ ‹አልበላሁም› ስትለው እሱ ያምናታል፣ እኛ ግን አይተናል።» ምጸት የሚለው ቃል ቢጨመርም ባይጨመርም ነጥቡ ቆሟል።

«ተመልካቹ ያለቅሳል» እያሉ አይተንብዩ፤ «ተመልካቹ ከሄልመር በፊት ያውቃል» የሚለው ከጽሑፉ ሊረጋገጥ ይችላል። ያላዩትን ዝግጅትም እንዳዩ አድርገው አይግለጹ፤ «ቢቀርብ» እና «እንዲህ ከተቀመጡ» የሚለው አጻጻፍ ትክክል ነው፣ አያሳፍርም።

ቃልና ድርጊት የሚጋጩበት ግልጽ ምሳሌ ካስፈለገዎት ከወለፈንድ (አብሰርድ) ቴአትር የቤኬትን «ጎዶን ጥበቃ» (1953) ይመልከቱ። ሁለቱም ገቢሮች የሚያልቁት አንዱ «እንሂድ?» ሲል ሌላው «እንሂድ» ብሎ ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ ነው። በመጀመሪያው ገቢር የሚጠይቀው ኤስትራጎን ነው፣ በሁለተኛው ቭላዲሚር። ጽሑፉን ብቻ ያነበበ መድገም ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለቱን አስቁሞ ያየ ግን ተራው መቀየሩን ያያል፣ ማንኛቸውም ቢጠይቁ ውጤቱ ያው መሆኑንም።

ትንሽ_ተቃውሞ

አንድ ተጨማሪ። የተቀረጸ ዝግጅት በቪዲዮ አግኝተው የሚጠቀሙ ከሆነ የአዘጋጁን ስምና ዓመቱን ይጻፉ፤ ካሜራው ፊት ላይ ሲጠጋም ያስታውሱ፤ በዚያ ቅጽበት ምርጫው የተዋናዩም የአዘጋጁም ብቻ አይደለም። ሄልመር ያን ረጅም ንግግር ሲያደርግ ካሜራው ፊቱን ብቻ ካሳየ ባዶው በር ከትንተናዎ ይጠፋል። ያንን ቦታ ያለ ድምፅ አንዴ ይዩት፤ ከዚያ መጽሐፉን ይዘው በድምፅ ብቻ ያዳምጡት፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱን አገናኝቶ ማየት።